ጋን፣ ወስፌና አገልግል

በእኛ ቤት የፋሲካ ጠላ የሚጠነሰሰው ሆሳዕና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ጋኑ ከጓዳ ወጥቶ ውስጡ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ከዚያም የወይራ ስንጥር በተጨመረበት ፍም ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የወይራው ሽታ አጥር ተሻግሮ ስለሚሄድ ለጎረቤት መንገር አያስፈልግም። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩት እትዬ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ጠላ መጥመቄን እንደሚያውቅ ሰው በቀጥታ "የዘንድሮ ጌሾሽን ከየት አገኘሽው?" ይሉኛል።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ አካባቢ ነው። ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ጠላ መጥመቅ ያስተማሩኝ እናቱ ናቸው። ስፌቱን ግን ከገዛ እናቴ ነው የያዝኩት። ከማስተማርና ከልጆች የሚተርፈኝ ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ያችኑ ጊዜ ለጋኑ፣ ለምጣዱ፣ ለወስፌው፣ አንዳንዴም አገልግል ይዞ ዘመድ ለመጠየቅ አውላታለሁ። "ሁሉም ከሱቅ ይገኛል፣ ምን አደከመሽ?" የሚሉኝ አሉ። መገኘቱስ ይገኛል። ነገር ግን እነዚህን አራት ሥራዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ወይ ሰው ሊመጣ ነው ብሎ መሰናዳት ነው፣ ወይ ሰው ዘንድ ለመሄድ መነሳት። ጋን ሙሉ ጠላ ለራሱ ብቻ የሚጠምቅ ሰው አላየሁም። መሶብም ለአንድ ሰው ተብሎ አይሰፋም። እኔን ደስ የሚለኝ ይኸው ነው፤ ሰውየው ገና ሳይመጣ፣ እሱን እያሰቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሥራት።

የጠላ ነገር ከብቅል ይጀምራል። ገብሱ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ተጠንፍፎ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ይታፈንና ሞቅ ያለ ጥግ ይቀመጣል። ቀን በቀን ትንሽ ውኃ ይረጭበታል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ያን ጊዜ ተፈልፍሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይፈጫል። ይህን ክፍል ውስጥ ማስረዳት በጣም እወዳለሁ። የገብስ ፍሬ በውስጡ ያከማቸው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም፣ ስኳር ይፈልጋል። ፍሬው መብቀል ሲጀምር ለቡቃያው ቀለብ ለማዘጋጀት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚከፋፍሉ ኤንዛይሞች ያመነጫል። ጠማቂዋ ቡቃያውን ፀሐይ ላይ አድርቃ እድገቱን ታቆመዋለች፤ ኤንዛይሞቹ ግን ሳይጠፉ ይቆያሉ። ለዚህ ነው 1 ኪሎ ብቅል ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ቂጣና እንኩሮ ጣፋጭ አድርጎ ለእርሾው የሚያቀርበው።

አማቴ ስለ ኤንዛይም ከኔ ሰምተው ካልሆነ ከሌላ አልሰሙም። ሆኖም ብቅል ለማድረቅ እሳት ዳር ማስቀመጥን አጥብቀው ይከለክላሉ። "ፀሐይ ከሌለ ይቆይ፤ እሳት ይገድለዋል" ይላሉ። ኃይለኛ ሙቀት ኤንዛይምን ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው በመማሪያ መጽሐፋችን ተጽፏል፤ እሳቸው ግን ያወቁት ከእናታቸው ነው።

ከብቅል ቀጥሎ ጌሾ ነው። ጌሾ በደጋውና በወይና ደጋው በየጓሮው የሚተከል፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ነው። ለጠላ በብዛት የሚገባው ቅጠሉ ሲሆን፣ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። ምሬቱን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ጠላውን ቶሎ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎችም ያዳክማል። ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕስ የሚባለውን ተክል የሚጨምሩት ለተመሳሳይ ሥራ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም እናቶቻችን በጌሾ ከጠመቁ ስንት ዘመን ሆኗቸው ነበር። እርሾውንም ከሱቅ ገዝቶ ጋን ውስጥ የሚጨምር የለም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ደጋግሞ ከተጠመቀበት ጋንም ራሱ ይመጣል። በአዲስ ጋን የሚጠመቅ ጠላ በአሮጌው እንደተጠመቀው አይጥምም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኔ ቤት ለ20 ሊትር ጠላ የምጠቀምበት ልክ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ለ3 ቀን ይቀመጣል፤ ጥንስስ የሚባለው ይህ ነው። በ4ኛው ቀን 1 ኪሎ ብቅልና ከ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል። ቂጣው ወፈር ብሎ ጠርዙ ጠቆር እስኪል ድረስ በደንብ መብሰል አለበት። ይህ ድፍድፍ 4 ቀን ያህል ይፈላል። ከዚያ ከ2 ኪሎ አሻሮ የተሠራ እንኩሮ፣ ከጥቂት የተከተፈ የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመርና ወፍራም እንደሆነ 4 ወይም 5 ቀን ይቆያል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይታሸጋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይቀዳል። ዱቄቱን ከምን እህል እንደምታዘጋጁት የናንተ ፈንታ ነው፤ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ ሁሉም አገር አለው።

አሻሮ የሚቆላው ባለቤቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ሦስት ጉልቻ ዘርግቶ ትልቁን የሸክላ ምጣድ ይጥዳል፤ ገብሱን በእፍኝ በእፍኝ እየጨመረ በረጅም ማማሰያ ያገላብጣል። መጀመሪያ ገብሱ ዝም ይላል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሲሆን መንጣጣት ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከምጣዱ እየዘለለ ይወጣል፤ ልጆቹ እሱን ለመልቀም ይሻማሉ። ቆይቶ መንጣጣቱ ይቆምና ቀለሙ መለወጥ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ዓይን ከምጣዱ ላይ አይነሳም። ቀላ ሲል ካወጣችሁት ጠላው ነጣ ያለና ለስላሳ ይሆናል፤ እንደ ቡና እስኪጠቁር ካቆያችሁት ጠላው ይጠቁራል፣ ምሬትና የጭስ ጣዕምም ያገኛል። ባለቤቴ ጠቆር ያለውን ይወዳል። የተቆላው ሲፈጭ ውኃ እየተርከፈከፈበት እንደገና ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እርጥብ ፍርፋሪ መስሎ ሲያበቃ እንኩሮ ሆነ ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ የልጆቼ ፀጉር ሁሉ የተቆላ ገብስ ይሸታል።

ጋኑ ደረሰ አልደረሰ የሚታወቅበትን መንገድ ያሳዩኝ አማቴ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን የጋኑ ሆድ ላይ ይለጥፋሉ። በርትቶ ሲፈላ ውስጡ ይንሾካሾካል፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ድምፁ ሳይረጋ ቀጣዩን አይጨምሩም። ሴት ልጄ ቀን ቆጥራ "ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው" ስትላቸው "ጋኑ ቀን አይቆጥርም፣ ስሚው" አሏት። ከዚያ ወዲህ እሷም ትሰማለች። እኔ ቴርሞሜትር አስቀምጣለሁ፣ እሷ ግን የምታምነው ጆሮዋን ነው።

ጠላ በአንድ ጋን ብዙ መልክ አለው። ገና ሳይጠል፣ ድፍርስ እያለ የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ ለጉሽ የሚሟገቱ ሰዎች አሉ፣ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ሲጠልና ሲጠራ ዋናው ጠላ ይሆናል። እሱ ሲያልቅ በቀረው ላይ ውኃ ጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው፤ ለሥራ ሰው ጥምን ለመቁረጥ ከዋናው ይሻላል። የመጨረሻው አተላ ለከብት ይሄዳል። የአልኮል መጠኑ እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው መካከል ነው። ጠጅ ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መኪና ለሚያሽከረክር እንግዳ እኛ ቤት ጠላ አይቀዳም፤ ለእሱም፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ ለልጆችም ሌላ ነገር ይዘጋጃል። ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቀሪቦ አለ፤ ማር በውኃ ተበጥብጦ ወዲያው ሲጠጣ ብርዝ አለ። ቤት ውስጥ ለሚገባ ሰው ሁሉ የሚቀርብለት ነገር ከሌለ ዝግጅቱ ጎዶሎ ነው።

ጉሹ ለምጣዱም ያገለግላል። የድፎ ዳቦዬን ሊጥ የማቦካው በእርሱ ነው። የስንዴ ዱቄት ከአንድ ጆግ ጉሽ፣ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከትንሽ ኮረሪማና ከጨው ጋር ይለወስና ተሸፍኖ ያድራል። ጠዋት ኩፍ ብሎ ይገኛል። ኮባው እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል፣ ለብለብ ያላለ ኮባ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይፈስበታል፣ በሌላ ኮባ ይሸፈናል፤ እሳት ከታችም ከላይም። አሁን የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሆነ መሃል ላይ አንዴ እንገለብጠዋለን። ከኮባው ጋር የተያያዘው ቅርፊት ላይ የቅጠሉ መስመር ታትሞ ይቀራል። ስለ ዶሮ ወጡ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ቤት የራሱ ሊቅ አለው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽንኩርቱን አታጣድፉት።

ስፌት ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጠላ የሚለየው ሥራው የትም ስለሚሄድ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ታክሲ ውስጥ ይወጣል፣ የተማሪዎች ፈተና እየተጠበቀ ጥግ ይዞ ይሰፋል። ስንደዶና አክርማ የሚሰበሰቡት ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላው ነው። እናቴ ባደገችበት አገር ልጃገረዶች ተሰብስበው እየዘፈኑ ነበር ስንደዶ ለመንቀል የሚወጡት። ሣሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። እኔ አሁን ከገበያ ታስሮ የተዘጋጀውን እገዛለሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ጥቂት ሰበዝ አንድ ላይ ይያዝና ከመሃል ተነስቶ ይጠመዘዛል። በላዩ ላይ በውኃ የራሰ ሣር ይጠመጠማል። በእያንዳንዱ ጥምጥም ወስፌው በፊት የተሰፋውን ዙር ይበሳል፤ የሣሩ ጫፍ በቀዳዳው ይገባል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል። ወስፌ፣ ሣር፣ ሳብ። የምሽት ሥራ ውጤቱ አንድ ጣት ስፋት ላይሞላ ይችላል። ሳቡ ከላላ ሰፌዱ ይወላገዳል፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ሣሩ ይበጠሳል። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም። ዙሩ እየሰፋ በሄደ ቁጥር አለላው ስንት ቦታ መግባት እንዳለበት በሐሳብ እየቆጠሩ ነው። የሂሳብ መምህር የሆነ የሥራ ባልደረባዬ የእናቴን መሶብ ክዳን አይቶ ለትምህርት ማስረጃ እንዳውሰው ጠየቀኝ፤ አንድ ቅርጽ በክብ ዙሪያ እኩል ሲደጋገም ለማሳየት። አዋስኩት።

ከስፌት ሥራዎች ሁሉ ልቤ ያለው አገልግል ላይ ነው። ውስጡ ሣር፣ ውጭው ቆዳ፣ ክዳንና ማንጠልጠያ ያለው የመንገድ መሶብ ነው። ቆዳው ዝናብና አቧራን ይከላከላል፤ ሣሩ እንፋሎቱን እየመጠጠ ምግቡ ሳይላቁጥ ሙቀቱን ይይዛል። ጠዋት የተፈተፈተ የዶሮ ፍትፍት ይዘን ከቤት ወጥተን ቀትር ላይ ስንከፍተው ለብ እንዳለ ነው። ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያው ፍትፍት ላብ ያወጣና ይረጥባል። ሞክራችሁ እዩት።

ወደ አማቴ የምንሄደው በዚህ አገልግል ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመኪና ከ3 ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ሲሆን እኛ ግን ቀኑን ሙሉ እንፈጅበታለን። ሸኖ ላይ ሁልጊዜ እንቆማለን፤ የሸኖ ለጋ ቅቤ ሳይዙ ማለፍ ለኛ ቤት የማይታሰብ ነው። ቅቤውን በቅጠሉ እንዳለ አሽትቶ፣ በጣት ነካ አድርጎ ቀምሶ መግዛት ራሱ አንድ ሙያ ነው፤ ባለቤቴ እኔን አያምነኝም፣ ራሱ ነው የሚወርደው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይዘረጋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ልጆቼ ጠላ ከምን እንደሚመጣ በቃል ሳይሆን በዓይናቸው ያወቁት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የከተሙባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ብርዷ የታወቀ ነው። የአማቴ ቤት ወለል በዝተት ተሸፍኗል፤ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ነው፣ ከወንበሩ ይልቅ እሱ ላይ መቀመጥ ይሻላል። እዚያ ጥንስስ በ3 ቀን አይደርስም፤ ብርድ እርሾውን ስለሚያዘገየው 5 ቀንም 6 ቀንም ይወስዳል። አማቴ ጋኑን በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። ዝግ ብሎ የፈላ ጠላ ጣዕሙ የተረጋጋ ነው፤ ጎምዛዛነቱም ያንሳል።

አንድ ጊዜ ከዚያ አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን፤ የባለቤቴ አክስት እዚያ ይኖራሉ። መንገዱ ጣርማ በርን በዋሻ አልፎ፣ በጣሊያን ጊዜ የተቦረቦረ ዋሻ ነው፣ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ከበቡት፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ተቀላቅሎ በየከረጢቱ። ከተራራው ጉም ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ሹራባችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ በጥቂት ሰዓት መንገድ ከብርድ ወደ ሙቀት ገባን። አክስታችን ማሽላ ያለበት ጠላ አቀረቡልን፤ ወፈር ያለ፣ ሳል እንኳ የሚያስመጣ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ነበረው። መቼ እንደጠነሰሱት ስጠይቃቸው በኛ ቤት ከሚፈጀው ቀን ግማሹን እንኳ ያልፈጀ መስሎ ተሰማኝ፤ በዚያ ሙቀት ሁሉም ነገር ይጣደፋል። "እዚህ ጠላ አይጠብቅሽም፣ አንቺ ነሽ የምትጠብቂው" አሉኝ። አማቴና አክስታችን ስለ ትክክለኛው ጠላ ቢነጋገሩ አይስማሙም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚጠምቁት ለሚኖሩበት አየር ነው። ወደ ጎንደር ስትሄዱ ደግሞ ኮረፌ አለ፣ ትግራይ ሱዋ፣ በደቡብ ቦርዴ። ከሆቴል መስኮት ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሰው ጓዳ መግባት ያስፈልጋል። ለመግባት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም፤ አገልግሉ ለዚህ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ዛሬ የዝግጅቱ አንድ ክፍል ሆኗል፤ ሰላም ሲሆን ግን አትዘግዩ።

እናቴ እነዚህን ሥራዎች ስትሠራ ሁሉም ደስታ ነበር ብዬ አልናገርም። ገብሱን በድንጋይ ወፍጮ እየፈጨች፣ ውኃውን ከምንጭ በእንስራ እያመላለሰች፣ እንጨቱን በጀርባዋ ተሸክማ ነበር የማኅበር ጠላ የምታደርሰው፤ በማግስቱም ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ዛሬም በየሰፈሩ፣ እንጨት ላይ ጣሳ ገልብጠው በር ላይ ሰቅለው፣ ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉና ያስተማሩ እናቶች አሉ፤ ለእነሱ ጋኑ እንጀራቸው ነው። እኔን ደስ እያለኝ የምሠራው ወፍጮ ቤት ስላለ፣ ውኃ ግቢ ድረስ ስለሚመጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻዬን ስላልሆንኩ ነው። ባለቤቴ ይቆላል፣ ወንድ ልጄ ቂጣ ይቆራርሳል፣ ሴት ልጄ ጋን ታዳምጣለች። የቤት ደስታ የሚባለው ነገር የአንዲት ሴት ድካም ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ባይኖር ይሻላል። ወንዶች ልጆቻችሁን ምጣድ አጠገብ አቁሟቸው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴም እንዲሁ ትጠምቃለች። ጋን የላትም፤ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ ባልዲ ነው ያላት። ጌሾውን እዚያው ካሉት የኢትዮጵያ ሱቆች ትገዛለች፤ አሻሮውን እኔ ቆልቼ አስፈጭቼ ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ። የወይራ ጭስ የለም። ክረምቱ ሲገባ ባልዲውን በጋቢ ጠቅልላ ማሞቂያው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ የአማቴ ብርድ ልብስ እዚያም ደረሰ ማለት ነው። ለገና ጎረቤቶቿን ትጠራበታለች። ጠላው ከኛ ቤት ጠላ ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ጠላ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምለው ይህን ነው። ጋን ከሌለህ አትዘን፤ ንጹሕ፣ ለምግብ የተሠራ 25 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይበቃል። ክዳኑን ግን እየፈላ ሳለ ጥርቅም አድርገህ አትዝጋው፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ዕቃው ሁሉ በደንብ ይታጠብ፤ የሳሙና ሽታ ግን አይቅርበት። ብቅሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከገበያ ግዛ። ሽታው የኮመጠጠ ከመሆን አልፎ የበሰበሰ ከመሰለህ፣ ወይም ሻጋታ ካየህበት፣ ሳታመነታ ድፋው። ከሁሉ በፊት ደግሞ በሰፈርህ የታወቁ አንዲት ባለሙያ እናት ፈልግና አንድ ጊዜ አጠገባቸው ቁም። ለጊዜያቸው ክፈላቸው፤ ሙያቸው ክፍያ ይገባዋል። እሳቸው "በዓይኔ ነው የምለካው" ሲሉህ፣ በዓይናቸው የለኩትን አንተ ሚዛን ላይ አውጣውና በደብተር ጻፈው። አማቴ የሚያውቁት አብዛኛው ነገር እስካሁን የተጻፈበት ቦታ ቢኖር የእኔ ደብተር ነው፤ የናንተም አማቶችና እናቶች የሚያውቁት እንዲሁ የትም አልተጻፈም። እነሱ በሕይወት እያሉ ጻፉት።

ለገና የምታስቡ ከሆነ፣ ታኅሣሥ ብርድ ስለሆነ ከፋሲካው አንድ ሳምንት ጨምሩበት። ታኅሣሥ 8 ገደማ የተጠነሰሰ ጠላ ለታኅሣሥ 29 ይደርሳል።